በሐምሌ ዝናብ ወደ ሮብ ገበያ ስሮጥ ማን እንደሞተ

ጎህ ሲቀድ፤ ደብረ ማርቆስ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድብ አድሮ አሁንም አልተወውም። እኔ ብርድ ልብሱን ወደ ጭንቅላቴ ስስብ፣ ባለቤቴ ወርቄ ቱታዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። መስከረም ሲጠባ ሁለታችንም የረጅም ርቀት ሩጫ ልንወዳደር ተመዝግበናል። እሷ ክረምት ብላ ልምምድ አላቋረጠችም፤ እኔ ግን ያለፉትን ሁለት ቅዳሜዎች ከመንገድ በሚኒባስ ተመልሻለሁ።

«ዛሬም ከተመለስክ ስምህን አሰርዘዋለሁ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልነበረም።

ወጣን፤ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያቀናው የጠጠር መንገድ፣ እስከ ሮብ ገበያ ከተማ ልንሮጥ።

ረፋድ፤ ዳገቱ ላይ

ጫማዬ ላይ የተለጠፈው ጭቃ አንድ መደብ ድንች ያበቅላል። ግራ ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ ባሕር ዛፉ ይንጠባጠባል። ጉሙ ወርቄን አንዴ ይውጣታል፣ አንዴ ይተፋታል። አፍንጫዬም ዓይኔም ይፈስሳል፤ አፌን ከፍቼ አቃስታለሁ። ጆሮዬ ግን ከኋላ ሚኒባስ ይመጣ እንደሆነ ያዳምጣል።

በዚህ መልኬ ሳለሁ ነው በበቅሎ ከላይ ከሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ጋር የተገናኘሁት። ጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበዋል፣ ጥላ ዘርግተዋል። ሲያዩኝ በቅሎዋን ገቱ።

«ከየት ነው?»

«ከማርቆስ።»

«ምን ሆነህ ነው የምትሮጠው?»

ትንፋሽ አጥሮኝ ዓይኔን ጠረግሁ። በቃ፣ ጥላውን ጣሉት።

«ወይኔ እትዬ! ወይኔ እኅቴን!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ከማሳው ሲያርሙ የነበሩ ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ አንዲት ሴት ማን እንደሞተ ሳታውቅ እዬዬዋን አቀለጠችው። ወርቄም ተመልሳ ደረሰች። «ማን ሞተ?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው።

ነገሩ ሲጣራ፣ አያ አለልኝ (ስማቸው ነው) ማርቆስ ያሉትን ታላቅ እኅታቸውን ሊጠይቁ እየወረዱ ኖሯል። በዚህ ዝናብ ከማርቆስ እያለቀሰ የሚሮጥ ሰው፣ መርዶ ካልያዘ ምን ይዞ ይሆናል? ወርቄ በፌስታል የጠቀለለችውን ስልክ አውጥታ፣ በቃላቸው በነገሯት ቁጥር ደወለች።

«ማን ነው የገደለኝ?» የእኅትየው ድምፅ ማሳውን ሞላው። «ይልቅ ቶሎ ና!»

አያ አለልኝ እንባቸውን በጋቢያቸው አብሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ አንተን ማን እያሳደደህ ነው?»

«ማንም፣ አባቴ። ልምምድ ነው።»

«በሐምሌ? ማንም ሳያሳድድህ?»

«ለነገሩ እዚህ ላይ ልመለስ አስቤ ነበር።»

«ልትመለስ?» የበቅሎዋን አፍ ወደ መጡበት አዞሩ። «ይህን ሁሉ ሰው አስለቅሰህ? እንዲያማ አይሆንም። ቅደም!»

ቀትር፤ ወደ ሮብ ገበያ

ፍጥነቴን ስቀንስ የበቅሎዋ ትንፋሽ ማጅራቴን ያሞቀዋል።

«አይዞህ፣ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ሜዳ ነው» ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያኗ ወዲያ ዳገት ነው። ስወቅሳቸው፣ «ለበቅሎ ሜዳ ነው» ይሉኛል።

በየደጃፉ ሰው ብቅ ሲል ቀድመው ያውጃሉ፦ «ማንም አልሞተም! ዝም ብሎ ነው የሚሮጠው!»

ሳቄ ትንፋሼን ይጨርሰዋል፤ እግሬ ግን አልቆመም። አንድ ሚኒባስ ጭቃ ረጭቶብኝ አለፈ፤ እጄን አላነሳሁም። ብርዱን የት ላይ እንደረሳሁት አላውቅም።

ወርቄ ሮብ ገበያ ቀድማ ደርሳ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበ፤ ሦስታችንም እጃችንን እንፋሎቱ ላይ ዘረጋን። ስለ ሩጫው ምንም አላለችኝም። ትልቁን ድንች ልጣ ወደ እኔ ገፋችው።

ይኼኔ ስልኳ ጮኸ። እኅትየው ናቸው።

«ወንድሜ የት ደረሰ? ምሳው እኮ ቀዘቀዘ!»

ወርቄ አያ አለልኝን አየቻቸው። እሳቸው ድንቻቸውን እንደያዙ ቁልቁል ወደ ማርቆስ ተመለከቱ። ከጉም በቀር የሚታይ የለም።

«እየሮጠ ነው በያት» አሉ።