ወር በቡና አበባ ሲቆጠር

ስደሰት የምሮጥ ሰው ነኝ። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ጥሩ ወሬ ከሰማሁ ቁጭ ብዬ ማስጨረስ አልችልም፤ እግሬ ይቀድመኛል። በደርግ ጊዜ፣ ነርስ ሆኜ በተመረቅሁ በዓመቱ፣ ከያዮ ወጣ ብላ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ስሠራ ይኸው ጠባዬ የአንዲት ሕፃን ነፍስ ሊያጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ የጀመረው መቱ ላይ በተሰጠን የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የሕፃናት ሐኪም በየገጠሩ ያለነውን ነርሶችና ጤና ረዳቶች ሰብስቦ፣ ወራቸው ሳይሞላ ስለሚወለዱ ሕፃናት ሊያጠና መሆኑን ነገረን። አንድ ሕፃን ሲወለድ ትንሽ የሚሆነው ወሩ ስላልሞላ ነው ወይስ ወሩ ሞልቶ ሳለ በማህፀን ስለተራበ? ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ እንክብካቤያቸው ግን ይለያያል አለን። ወሩ የሞላው አብዛኛውን ጊዜ ጡት ካገኘ ራሱን ያወጣል። ያልሞላው ግን መጥባት ገና አያውቅም፣ ሙቀትም አይዝም። ማሞቂያ በሌለበት አገር ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ማሰር፣ ወተቷንም እያለቡ በማንኪያ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው መፍትሔው። ለያንዳንዳችን አንድ ተንጠልጣይ ሚዛንና አንድ ወፍራም መዝገብ ሰጥቶ አሰናበተን።

እኔ ያበድኩት እዚያው ነው። ጥናት የሚባል ነገር የፈረንጅ አገር ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን የኔ ጭቃ የረገጠ ጫማና የኔ እስክሪብቶ ሊገቡበት ነው። ወደ ያዮ በሚመለሰው የጭነት መኪና ላይ መዝገቡን እንደ ልጅ አቅፌ ሄድኩ።

በወሩ ቅስሜ ተሰበረ። ሚዛኑስ እሺ፣ በነጠላ ቋጥሮ ማንጠልጠል ነው። ችግሩ "የስንት ወር?" የሚለው ዓምድ ሆነ። ሁሉም እናት ዘጠኝ ወሬ ነው ትለኛለች፤ የወር አበባሽ መቼ ቀረ ስላት ትስቃለች። ግድግዳው ላይ ካላንደር የሰቀለ ቤት በመንደሩ ያለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ነው፤ እሱም የሰቀለው ለሥዕሉ ነው። እኔም ዓምዱን "አይታወቅም"፣ "አይታወቅም" እያልኩ ሞላሁትና ወደ መቱ ላክሁ። ለጥናቱ እዚያው የቆየው ሐኪም በቀይ እስክሪብቶ፣ ይህን ያህል ካልታወቀ ለምን እንጽፋለን ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ። እሱ መቱ ተቀምጦ ምን አለበት አልኩ።

ንዴቴን ያወጣሁት አብረውኝ በሚዞሩት የልምድ አዋላጅ ላይ ነበር። ኦሮምኛዬ ገና ስለነበር እሳቸው ናቸው የሚተረጉሙልኝ። እስክጨርስ ሰሙኝና "አንቺ ልጅ፣ ወር ወር ትያለሽ፤ ወርን ማን ያየዋል? ቡናውን ጠይቂያቸው እንጂ" አሉኝ።

ያዮ ጫካው ራሱ ቡና ነው። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያዋ ዝናብ በጣለች በሳምንት በዐሥር ቀኗ አገሩ ሁሉ በአንድ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ሽታው ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን ይረግፋል። በኦሮምኛ ዳራራ ቡና፣ የቡና አበባ፣ ይሉታል። ያን ጠዋት የት እንደነበረች፣ ምን እንደሠራች፣ ያኔ የወር አበባዋ መጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የምትረሳ ሴት የለችም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፍሬው ቁንዶ በርበሬ ሲያህል፣ ባቄላ ሲያህል፣ ቀይ ሲሆን እያሉ ይቆጥራሉ። ሁሉም ቆጣሪ ነበር። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ሮጥኩ። ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ቢሮ ያለችው የቡና ልማት ባለሙያ ዘንድ ሮጥኩ። ዝናብ የጣለበትንና ቡና ያበበበትን ቀን በደብተር እንደሚይዝ ሰምቼ ነበር። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የእርጉዞችን ወር ለማወቅ ደብተሩን እንደምፈልግ ስነግረው መጀመሪያ ያሾፍኩበት መስሎት ነበር፤ ሲገባው ግን ከኔ ብሶ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳ። እስከዚያን ቀን ደብተሩን ከአለቆቹ በቀር የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁለታችን ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ሠራን፤ በአንድ በኩል የቡናው ሁኔታ፣ በሌላው የእናቲቱ ሳምንት። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ጓድ ሲስተር ልጅ በቡና ልትቆጥር ነው ብሎ ሕዝቡን አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ቸገረኝ።

በሦስት ወር ውስጥ "አይታወቅም" የሚል ቃል ከመዝገቤ ጠፋ። የቡናውን ነገር በሥሩ ጽፌ ላክሁት። መልሱ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ መጣ፦ "ይህን ቡና ማን አስተማረሽ? ከመስቀል በኋላ ባለው ሁለተኛ ሰኞ እመጣለሁ።" ጮቤ ረገጥኩ። ክሊኒኩን ሁለቴ አስጠረግሁ፣ ነጩን ጋውኔን አጥቤ በከሰል ካውያ ተኮስኩ።

ሰኞው አራት ቀን ሲቀረው አንዲት የአናጢ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ቤቷ ወለደች። አዋላጄ መቱ ለለቅሶ ሄደው ስለነበር ያዋለዷት አማቷ ናቸው። ቤተሰቡ ከኖፓ ወረዳ በግንቦት እንደመጣና ለሰፈሩ እንግዳ እንደሆነ ነገሩኝ፤ እኔ ግን ልቤ መዝገቤ ላይ ነበር። ሕፃኗን በነጠላ አንጠለጠልኳት፤ ሁለት ኪሎ አልሞላችም። እናቲቱን በዚያችው በኦሮምኛዬ መቼ ቀረብሽ አልኳት። ቡና ሲያብብ አለችኝ። ቡናው ያበበው በየካቲት መጀመሪያ ነው፤ ከመቅረቱ በፊት ያለውን ወር ጨምሬ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ዘጠነኛው ወር ነው፤ ሞልቷል። ወሩ ሞልቶ ትንሽ የሆነ ሕፃን፣ ያውም ሐኪሙ ሊመጣ ሲል! ደስ እያለኝ ጻፍኩ።

አማቲቱ ግን አልተቀበሉኝም። "ወሯ አልሞላም" አሉ። "ጆሮዋን እጠፊውና እዪ፤ አይመለስም። ወሩ የሞላ ልጅ ጆሮ ይመለሳል።" ሕፃኗን ገና ሳልመጣ ገላዋን ከእናቷ ገላ አጣብቀው በጋቢ ሸፍነዋት ነበር። እኔ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ሊቅ፣ ጆሮውን ሳልነካ በቡናው እንደቆጠርኩት፣ መጽሐፍም እንደማይዋሽ አስረዳኋቸው። አራሷ ትረፍ ብዬ ልጅቷን ከደረቷ አንስቼ፣ ጠቅልዬ ለብቻዋ አስተኛኋት። ስትነቃ ትጠባለች አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠንጠረዡን ለሐኪሙ በንጹሕ ወረቀት ልገለብጥ ባለሙያው ቢሮ ሄድኩ። እሱ ሻዩን እየጠጣ፣ ይህ የያዮ ብቻ መሆኑን ለሐኪሙ ንገሪው አለኝ። ኖፓ በኩል ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ቡናው ያበበው በመጋቢት አጋማሽ ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ይለያያል።

ከኖፓ በግንቦት። እናቲቱ ያየችው አበባ የኖፓ አበባ ነው። ሕፃኗ ሁለት ወር ገደማ ይቀራታል፣ እኔም ከእናቷ ደረት ላይ አንስቻታለሁ።

መዝገቤን እንዳቀፍኩ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ስደርስ ሕፃኗ ባስተኛኋት ቦታ ነበረች። እግሯ ቀዝቅዟል፣ ለማልቀስ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን የለም። የእናቲቱ ጡት ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አትስብም አለችኝ እያለቀሰች።

"እትዬ፣ ተሳስቻለሁ" አልኳቸው። "ልክ እርስዎ ነበሩ።"

ጨርቁን ፈትተው ሕፃኗን ራቁቷን ምራታቸው ደረት ላይ አደረጉና በነጠላ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሲስተር፣ መጽሐፍሽን በር ላይ ተይው" አሉኝ።

ተውኩት። ወተቱን አልበን በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ ጠብታ በጠብታ መስጠት ጀመርን። አንዱን ጠብታ እስክትውጥ የኔ ጉሮሮ ይውጥ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እጄን በነጠላው ሥር አስገብቼ እግሯን ነካሁት፤ ሞቋል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ ሐኪሙ መጣ። የሠረዝኩትን መስመር ራሴ አሳየሁት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ በቀጥታ ወደ ቤቱ ውሰጂኝ አለኝ። አማቲቱን አስፈቅዶ ያችን ቅጠል የመሰለች ጆሮ በጣቱ አጥፎ ለቀቃት፤ እንደታጠፈች ቀረች። እንደ ልጅ እየሳቀ ደግሞ ሞከራት። ከዚያ፣ ስንገባ እንደገና በር ላይ የተውኩትን መዝገብ አንስቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ሁለት ዓምድ ጨመረበት፤ አንዱ "ጆሮ"፣ ሁለተኛው "የየት ቡና?" የሚል። እኔ በደስታና በሐፍረት መሃል ሆኜ መዝገቡን ተቀበልኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄድኩ። እናቲቱ ስትደክም አማቲቱ በራሳቸው ደረት ይይዟታል። እኔን ብዙም አያናግሩኝም፤ ማንኪያውን ግን ይሰጡኝ ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን በሩ ላይ ስደርስ እናቲቱ እጇን አንስታ ዝም በይ አለችኝ። ሕፃኗ ጡቱን ይዛ ትስባለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትስባለች። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ግን የለም።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ አገሩ ሁሉ ለቡና ለቀማ ጫካ በገባበት፣ ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን አዝለው በእግራቸው ክሊኒክ መጡ። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ሦስት ኪሎን ስታልፍ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ የክትባት ካርድ አውጥቼ የተወለደችበትን ቀን ከመዝገቡ ልገለብጥ ስል እናቲቱ መዳፏን ካርዱ ላይ አደረገች።

"እሱን አትጻፊ" አለችኝ። "ያን ቀን ልትሞትብኝ ነው የወጣችው። በኖፓ ቡና ወሯ ዛሬ ሞላ፤ የወለድኳት ዛሬ ነው። ዛሬ ብለሽ ጻፊ።"

እኔም በልቤ ቆጥሬ ነበር፤ ሳምንቱ ይኸው ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን እውነት ነው፣ ለጥናቱም ያው ይቆያል። ግን ካርዱ የጥናቱ አይደለም። የዕለቱን ቀን ጻፍኩበት።

ማንበብ የማይችሉት አማቲቱ ጠጋ ብለው አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ካርዱን ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሩትና፣ መጽሐፍሽን በር ላይ ተይው ካሉኝ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አይተው ፈገግ አሉ።

"አሁን ገና ልክ ቆጠርሽ" አሉኝ።