አራት ጣት ክር

ልጆቹ «ቲቸር ክር» ይሏታል። ወላጆችም ከልጆቻቸው ሰምተው እንዲሁ ይሏታል፤ አንድ አባት እንዲያውም እውነተኛ ስሟ መስሎት ደብዳቤ ላይ ጽፎታል። አንገቷ ላይ የነጭ ክር ጥቅል እንደ ሐብል ተንጠልጥሎ ይውላል፣ መቀሷም ከሽርጧ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

በመዋዕለ ሕፃናቱ ረዳት መምህር ሆና ከመቀጠሯ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። የምትታወቀውም በቀሚስ ጠርዝ ነበር። ሌላው ሰፊ በሜትር የሚለካውን እሷ በክንዷ ትለካለች፤ ከዚያ ቀሚሱ ተለብሶ ሲዞር ጠርዙ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል ርቆ ይታያል፣ እንደ ረጋ ውኃ። ዓይኗ ለመርፌ ቀዳዳ ሲደክም ስፌቱን ተወችው፤ ጠማማ ነገር አይታ ዝም ማለትን ግን አልተማረችም። ሰው ቤት ተጋብዛ የተንጋደደ መጋረጃ ካየች እንግድነቷን ረስታ ትነሳለች። አለቃዋ የነበሩት ሽማግሌ ሰፊ «ጠርዝ ከወረደ መቁረጥ ነው፤ ከጨርቅ ጋር ክርክር የለም» ይሉ ነበር። ይህን ሕግ እጇ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ያውቀዋል።

የዚያ ወቅት ሥራዋ የወረቀት ነፍሳት ነበር። ከክፍሉ በላይ ያለውን ባዶ ፎቅ አንድ ባለማተሚያ ቤት ለወረቀት መጋዘንነት ተከራይቶት ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ በየሳምንቱ ባለቀለም ቁርጥራጭ በካርቶን ሞልቶ በውጪው ደረጃ ያወርድላታል። «ለእናንተ ቢራቢሮ፣ ለእኔ ቆሻሻ» ይላል እየሳቀ። እሷም ካርቶኑን ስትከፍት በየጊዜው እንደ አዲስ ትደነቃለች፤ ሰው የሚጥለው ነገር እንዴት እንዲህ ያምራል?

አሥራ አምስቱ ልጆች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ለቢራቢሮ ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ እያጠፉ ወገቡን በክር ማሰር ነው፤ ሲለቁት ክንፉ ራሱ ይከፈታል። ለንብ ቢጫና ጥቁር ጥብጣብ ማጠላለፍ። ለጥንዚዛ ግማሽ ክብ፣ ጀርባው ላይ በጣት የተቀባ ቀለም። ተርብ የምትሠራ ልጅ ካለች ደግሞ መናደፊያው ከሁሉም በላይ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ከተርቡ ራሱ ይበልጣል።

«ይሄ መናደፊያ ነው ወይስ ጅራፍ?» ትላለች ቲቸር ክር።

«የተናደደ ተርብ ነው» ትላለች ልጅቱ።

ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ሦስት ክንድ ክር ትለካና ኮርኒሱ ላይ በተመቱት ሚስማሮች ትሰቅላቸዋለች። ሁሉም እኩል ይወርዳሉ፤ ከክፍሉ ረጅም ልጅ ከቀጮ አናት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ይቆማሉ። ልጆቹ ቀና ብለው እፍ ሲሏቸው ሁሉም ይዞራሉ። ዲሬክተሯ ግን በገባች ቁጥር ፊቷን ቢራቢሮ ይጠርገዋል።

«እትዬ፣ ጎንበስ ብዬ ነው እንዴ ቢሮዬ የምደርሰው?»

«ሰማዩ የልጆቹ ነው። እኛ እንጎንበስ።»

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቀጮ ከወንበሩ ዘሎ ሲነሳ አንዲት ንብ ፀጉሩ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ሳቁ። «ልጅ በእንቅልፉ ያድጋል» አለች ቲቸር ክር፤ በርጩማ ላይ ወጥታ ከንቧ ክር አንድ ጣት ቆረጠች። ከግራና ቀኟ ያሉትም ወረድ ያሉ ስለመሰላት ነካ ነካ አደረገቻቸው። መስመሩ ተስተካከለ። እሷም ደስ አላት።

በሁለተኛው ሳምንት የመሐሉ ረድፍ እንደገና ወረደ። ክሩ ይሳባል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ርካሽ ክር ይሳባል። ቆረጠች። በዚያው ሰሞን በሩ መጥበቅ ጀመረ፤ ጠዋት ለመክፈት በትከሻ መግፋት ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በየማለዳው ስስ ነጭ ዱቄት ታገኛለች። ጠመኔ ነው ብላ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ከላይ፣ ከመጋዘኑ፣ የዕቃ መግፊያ ጋሪ ጎማ ሲንከባለል የወረቀት ነፍሳቱ ሁሉ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፣ መስኮቱ ዝግ ሆኖ። ልጆቹ ነፍሳቱ የሰሟቸው መስሏቸው «ሰሙን፣ ሰሙን» ይላሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ የክፍሉ ትንሿ ልጅ ቁንጫ ከጠረጴዛው ሥር እርሳስ አንስታ ስትወጣ ቆም አለች። ቁንጫ የተባለችው በቁመቷ ነው፤ ተርቧን ለመንካት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትዘል ከርማ አንድ ቀንም አልተሳካላትም። አሁን እጇን ዘረጋች። ሳትዘል ያዘችው።

«ቲቸር፣ አደግኩ» አለች።

ቲቸር ክር «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ቁንጫን ወስዳ በር ላይ ካለው የቁመት ምልክት ጋር አቆመቻት። ከወቅቱ መጀመሪያ ወዲህ ያደገችው የጥፍር ያህል ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በርጩማውን ይዛ ገባች። ከጥግ ያለችውን ጥንዚዛ አወረደችና ክሯን በክንዷ ለካች፤ ሦስት ክንድ፣ እንደተሰቀለችው። ከመሐል ንቧን አወረደች። ሦስት ክንድ ሲቀነስ አራት ጣት። ይህ በእሷው መቀስ የጎደለ ነው። ሁለቱ ግን መጨረሻ ስትቆርጥ አንድ ቁመት ላይ ተንጠልጥለው ነበር፤ ከንቧ ጎን ያለው ተርብ ደግሞ ከዚያ አልፎ ዛሬ ከቁንጫ እጅ ደርሷል።

ሽማግሌው ሰፊ ከመቁረጡ ሕግ በኋላ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፣ እሷ ወጣት ስለነበረች ብዙም አልሰማችውም። አንዲት ደንበኛ ሦስቴ ጠርዝ አስቆርጣ አራተኛ ስትመለስ ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡና «ልጄ፣ ቀሚሱን ተይው፤ ወገቧን እይ፣ ሴትየዋ እየጎበጠች ነው» አሉ።

ቲቸር ክር ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። እንዲህ ለረጅም ጊዜ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምታየው የተሰቀለውን ነው። ነጩ የኮርኒስ ሰሌዳ ከመሐሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ወርዷል። በርጩማውን እዚያው ትታ ወጣች።

ዲሬክተሯ ቢሮ ነበረች፤ የነገውን የወላጆች ቀን ጥሪ እያጠፈች።

«ክር አጥሯል ብለው ነው ቤት ይፈርሳል የሚሉት?» አለች ስትሰማ።

«ክሩን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ነገሩም ያ ነው። ሲወርድ እያየሁ ስቆርጥ ከረምኩ።»

«እትዬ፣ ይህ ቤት ከእኔም ከእርስዎም ዕድሜ ይበልጣል። ደክሞዎታል።»

ባለማተሚያውም ተጠርቶ ወረደ። በሩ ላይ ቆሞ ኮርኒሱን ላይ ላዩን አየና ከአንገት በላይ ሳቀ። «ወረቀት እኮ ነው ያስቀመጥኩት፣ ድንጋይ አይደለም። አንድ ቢራቢሮ ስንት ይመዝናል?»

«አንዱን ማለቴ አይደለም።»

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አለ፤ ቀልድ ለማስመሰል ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ዲሬክተሯ «ሰኞ አናጺ አስመጣለሁ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ቲቸር ክርም የሚያምናት እንደሌለ ገባት። እሷስ ቢሆን የገዛ ዓይኗን ካላመነች ሦስት ሳምንት ሆኗት የለ?

ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ከጥቁር ወረቀት አንዲት ጉንዳን ሠራች፤ ስድስት ቀጫጭን እግሮች፣ ያለ ጌጥ። በረጅም ክር ከኮርኒሱ ሆድ ላይ አሰረቻት፣ ትክክል ጠረጴዛው መሐል ላይ፣ እግሮቿ ከጠረጴዛው አንድ ጣት ብቻ ከፍ እንዲሉ። ክሩ የሚሳብ እንዳይሆን ከድሮ ሣጥኗ የቁልፍ መስፊያ ክር አመጣች። ይህ ክር አይዋሽም።

ዓርብ ማለዳ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። በሩን በሁለት እጇ ገፋችው። ጉንዳኗ እንደተሰቀለች ነበረች፤ ከጠረጴዛው አንድ ጣት ከፍ ብላ። ቲቸር ክር ወንበር ላይ ተቀመጠችና በራሷ ሳቀች፤ እፎይታውም ኀፍረቱም አንድ ላይ መጡባት። ለዲሬክተሯ ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ማሰላሰል ጀመረች። ቢሆንም ልጆቹ ሲመጡ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ጠበቀቻቸው።

«ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አንሠራም?» አለ ቀጮ።

«ዛሬ ጠረጴዛው የጉንዳኗ ነው።»

«ብቻዋን?»

«ሥራ ይዛለች፤ አትረብሿት።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደጁ ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ተሸካሚዎች እየተጠራሩ በውጪው ደረጃ መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ከላይ ያ የሚታወቀው ጎማ ተንከባለለ፤ ሄደ፣ ቆመ፣ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የወረቀት ነፍሳቱ ተወዛወዙ። ጎማው ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። ቲቸር ክር ለልጆቹ ተረት እያወራች ነበር፤ አፏ ተረቱን ይናገራል፣ ዓይኗ ጉንዳኗ ላይ ነው። የት እንደደረሰች ሳታውቅ አንዱን አንበሳ ሁለቴ ገደለችው።

«ቲቸር፣ ሞቷል እኮ» አሉ ልጆቹ።

አምስተኛው ጭነት ላይ የጉንዳኗ እግሮች ጠረጴዛውን ነኩ።

ሰባተኛው ላይ እግሮቿ ታጠፉ።

«ጉንዳኗ ተንበረከከች» አለች ቁንጫ።

ቲቸር ክር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም ድምፅዋ እንዲህ ረግቶ አያውቅም። «ተነሱ ልጆቼ። ማንም እንዳይሮጥ። የፊተኛውን ልብስ መያዝ፣ እንደ ጉንዳን፣ በግድግዳው በኩል።» አሥራ አምስቱ ተሰለፉ። ጫማውን ያወለቀ ልጅ ነበር፤ ጫማውን ትቶ እንዲወጣ አደረገች። በሩ እንደገና ጠብቆ ነበርና በሙሉ ክብደቷ ሳበችው፤ ሲከፈት የእንጨት ጩኸት አሰማ።

ኮሪደሩ ላይ ዲሬክተሯ ቆማለች፣ ለወላጆች ቀን የለበሰችውን ልብስ ለብሳ።

«ወዴት ነው? ወላጆች እየመጡ ነው እኮ።»

«ወደ ግቢ።»

«መልሻቸው። አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንዳታዋርጂኝ።» በሁለት ዓመት ውስጥ አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው።

«ከሰዓት ያባርሩኛል። አሁን ግን ከመንገዱ ዞር ይበሉልኝ።»

ዲሬክተሯ ዞር አለች፤ ከእሺታ ሳይሆን ከመገረም። ሰልፉ በአጠገቧ አለፈ። መጨረሻ ላይ ቲቸር ክር ከጎኗ ስትደርስ «ይግቡና ጉንዳኗን ይዩዋት፤ ከበሩ አይለፉ» አለቻት።

ልጆቹን ከግቢው ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር አቆመቻቸው። ቆጠረቻቸው፣ ደግማ ቆጠረቻቸው። ቀደም ብለው የመጡ ሦስት አራት ወላጆች አበባ ይዘው ነገሩ ትርዒት መስሏቸው ፈገግ ይላሉ።

ዲሬክተሯ ስትወጣ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ኋሊት ነበር የምትራመደው። ጉንዳኗ ጠረጴዛው ላይ በሆዷ ተኝታ ክሩ ከላይዋ ተጠቅልሎ አይታለች። ወደ ደረጃው ሄዳ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ተጣራች። «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!»

«ገና ስድስት ጥቅል ይቀራል» አለ ባለማተሚያው ከላይ።

«ተወው። ውረድ።»

ምን እንደሰማ እንጃ፤ ድምፅዋን ይሁን ከእግሩ ሥር ያለውን። ክርክሩን ተወና ተሸካሚዎቹን አስቀድሞ በደረጃው ወረደ። የመጨረሻው ተሸካሚ መሬት ረግጦ ላቡን እየጠረገ «ምን ሆናችሁ?» ሲል፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ረጅም ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው አቃሰተ። ወዲያው ሁሉም ነገር በአንዴ ወረደ። ጩኸቱ ብዙ አልቆየም። ከዚያ መስኮቶቹ ነጭ አቧራ ተፉ፤ በአቧራው ውስጥ ባዶ ወረቀቶች፣ ገና ምንም ያልተጻፈባቸው፣ በሺህ የሚቆጠሩ፣ ግቢው ላይ ቀስ ብለው አረፉ። ልጆቹ አላለቀሱም። አንዳንዶቹ እጃቸውን ዘርግተው ያዟቸው።

ወላጆቹ አበባውን ጥለው ወደ ልጆቻቸው ሮጡ። አንዲት እናት የቲቸር ክርን እጅ ይዛ መሳም ጀመረች፤ ሌላዋ ከኋላ አቀፈቻት። ዲሬክተሯ እንባዋን ሳትጠርግ በሰው መሐል ሰንጥቃ መጣች።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ...» አለች።

ቲቸር ክር ቀኝ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ አድርጋ መቀሷን ጨብጣለች፤ ጣቶቿ አልፈታ ብለዋታል። «እኔ ባልቆርጠው» አለች፣ «ከሦስት ሳምንት በፊት ዓይን ያለው ሁሉ ያየው ነበር። አንዷ ልጅ ተርብ ለመንካት ባትጓጓ...»

ዲሬክተሯ አልሰማችም፤ ሰዉ ሁሉ በአንድነት እያወራ ነበር። ቲቸር ክርም ደግማ አልተናገረችውም። ልጆቹን እንደገና ልትቆጥር ዞረች።