ለተማሪዋ ዋስ ይዘን የሄድን ቀን

የልጅ ልጄ እዚህ ጀርመን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋን፣ አቢቱሯን፣ እንደጨረሰች ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣላት። ዩኒቨርሲቲው የአየር ጠባይ ጥናት እንድትማር ተቀበላት። ቅዳሜና እሁድ መንገደኛ የምታስተናግድበት የፍሉግሃፈን፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ድርጅት ደግሞ ቋሚ ፈርትራግ፣ ውል ማለት ነው፣ እንስጥሽ አላት። ሁለቱም መልካም ዜና ነበር። ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ።

ለመማር ባፎግ መውሰድ ነበረባት። ባፎግ መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ብድር። ወለድ የለውም። ቢሆንም ብድር ብድር ነው። እኛ ቤት ተበድሮ ዕቃ የገዛ ሰው የለም፤ ሶፋችን እንዲህ ያረጀውም ለዚያ ነው።

አንድ ጠዋት ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ተቀምጠን ሳለ የባፎጉን ማመልከቻ ወደ ጎን ገፋችው።

«እምዬ፣ ከኔ ጋር የሚሠራ ልጅ አለ። ማስተር አለው። የሚሠራው እኔ የምሠራውን ነው፤ እሱ ግን በየወሩ ብድር ይከፍላል።»

«ሰነፍ ቢሆን ነዋ።»

«ናይን፣ ጎበዝ ነው። ታዲያ እኔስ ባይሆንልኝ? ማን አለኝ?»

እናቷ በአረጋውያን ቤት ፈረቃ ላይ ስለነበረች መልሱ የሚጠበቀው ከኔ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ የምመልስ ሰው አይደለሁም። ሳህኖቹን አነሳሳሁ። «ማን አለኝ» ያለችው ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

በኔ ጊዜ ሰው ያለ ዋስ ሥራ አይገባም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አዲስ አበባ በጸሐፊነት ስቀጠር፣ አንድ የሰፈራችን ሰው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ፈርሞልኛል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነው ሥራ?» ይለኝ ነበር። እዚያ መሥሪያ ቤት አንድም ቀን አላረፈድኩም። ልጅቱ የጎደላት ይኸው ነው፣ ዋስ ነው አልኩ። እሷን ሳላማክር ስልክ አነሳሁ።

የደወልኩት ለሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው በወጣትነቱ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ መሐንዲስ ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሁላችንም ኢንጂነር እንለዋለን። ሁለተኛው ዕድሜውን ፍሉግሃፈን ሻንጣ ሲጭን የኖረ ሲሆን የሰንበቴያችን ሊቀመንበር ነው። ሲገናኙ ይነታረካሉ፤ ሳይገናኙ ደግሞ አይውሉም።

በቴርሚኗ፣ የባፎግ ቢሮ በቀጠራት ቀን፣ ኡ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ጣቢያ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ጠበቁን። ልጅቱ ከሩቅ አይታቸው ቆመች።

«እምዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ዋሶችሽ ናቸው።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ባቡሩ ግን መጥቶ ነበርና ተሳፈርን።

ገና ከመቀመጣችን ሊቀመንበሩ ጀመረ። «ቆይ፣ ልጄ፣ የአየር ጠባይ ነው ያልሽኝ? ዝናቡን ለማየት መስኮት መክፈት አይበቃም? ለዚህ ደግሞ ብድር!»

«የነገውን ዝናብ በመስኮት ታየዋለህ?» አለው ኢንጂነሩ።

«እኔ ያለ ዲግሪ ቤተሰብ አስተዳድሬአለሁ። ጡረታዬም ካንተ ብዙም አይተናነስም።»

«ወገብህስ?»

«ወገቤን ተወው። አንተ ዲግሪህን ይዘህ መጀመሪያ ምን ሠራህ? ንገራታ!»

ኢንጂነሩ አላፈረም። «ሆቴል ቤት ሳህን አጠብኩ። ሳህን ሳጥብም ግን መሐንዲስ ነበርኩ።»

«ሳህኑ ያውቅ ነበር?»

«ሳህኑ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።»

ልጅቱ መስኮቱን እያየች ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቀች መሆኗን አወቅሁ።

«የተማሩበትን ብድርስ ከፈሉት?» ብላ ዞራ ኢንጂነሩን ጠየቀችው።

«ከፍዬ ጨረስኩ እንጂ። የመጨረሻውን የከፈልኩ ቀን ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አበባ ይዤላት ገባሁ። አበባውን አየችና ‹ምን አጥፍተህ ነው?› አለችኝ።»

አጠገባችን የተቀመጠችው ጀርመናዊት ነገሩ ሳይገባት አብራን ሳቀች።

ቢሮው እንደደረስን ልጅቱ «እናንተ እዚህ ጠብቁኝ» አለች። የሰማት የለም። አራታችንም ተከታትለን ገባን። ሠራተኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችን። ኢንጂነሩ ከሁላችን የተሻለ ጀርመንኛ ስላለው ቆሞ አስረዳ፤ ልጅቱን ከሕፃንነቷ እንደምናውቃት፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዎቹ እኛ እንደሆንን፣ መታወቂያችንንም እንደያዝን ነገራት።

ሴትዮዋ አዳመጠችውና በጨዋነት መለሰች። ለዚህ ብድር ዋስ አያስፈልግም፤ ልጅቱ ብቻዋን ነው የምታመለክተው።

ኢንጂነሩ ተረጎመልን። ሊቀመንበሩ ተቆጣ።

«እንዴት አያስፈልግም? ማንነቷን ሳያውቁ? የማን ልጅ እንደሆነች ሳይጠይቁ?»

«ሕጉ ነው።»

«ይሁን፣ ለነሱ ካላስፈለገ እንተወው። እኔ ግን ለዚህ ሥራ ለብሼ መጥቼ ሳልዋስ አልመለስም።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «ለመንግሥት ሳይሆን ላንቺ ነው የምዋሰው። ስሚ። ተምረሽ ሥራ ባታገኚ፣ ወይም መሐል ላይ ቢከብድሽና ብትተዪው፣ ሰንበቴያችን ውስጥ አንድም ሰው አፉን አይከፍትም። ‹ብለን ነበር› የሚል አይኖርም። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ገባኝ። የፈራችው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ወድቃ በኛ በሽማግሌዎቹ ፊት መቆምን ነበር።

«እርስዎም ቢሆኑ አይሉም?» አለችው።

«እኔማ በመጀመሪያ እላለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለ። «አሁን ግን ተዋስኩ፣ ምን ላድርግ!»

«እኔ ደግሞ» አለ ኢንጂነሩ፣ «ሒሳቡ ሲከብድሽ ደውይልኝ። የረሳሁ ከሆነ አብረን እንማረዋለን።»

ወደኔ ዞረች። «አንቺስ፣ እምዬ?»

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መናገር አይሆንልኝም። «ቁርስ» አልኳት። «ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ድረስ፣ በየጠዋቱ።»

ሳቀች፤ ዓይኗንም በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ወንበሩን ሳበችና ቅዳሜና እሁድ ሥራዬን መቀጠል እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ፣ ገቢዋ ከተወሰነው መጠን እስካላለፈ ድረስ እንደምትችል ነገረቻት። ልጅቱ ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈረመች።

ሴትዮዋ ወረቀቶቹን አገላበጠቻቸው። የቤት ኪራይ ፈርትራጉ ቅጂ የለም። እስከ ሰኞ ካመጣችው ይበቃል አለች።

«አየህ፣ ገና እንፈለጋለን!» አለ ሊቀመንበሩ ኢንጂነሩን በክርኑ ነካ አድርጎ። «ሰኞ ስንት ሰዓት እንገናኝ?»

ልጅቱ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። ለሴትዮዋ በጀርመንኛ ትመልሳለች ብዬ ነበር።

«ሰኞ እኔ አመጣዋለሁ» አለች በአማርኛ፣ ሦስታችንንም ተራ በተራ እያየች። «ብቻዬን!»