የአለምወርቅ ዲስክ አይነካም

ደብረ ታቦር ውስጥ ሠርግ በልቶ አለምወርቅን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የበላው፣ ወይ ጠላው ቀድሞታል። ከዘፋኙ ኋላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ያን ሁለት ሰው የሚሸከመውን አሮጌ ኪቦርድ የምትጫወተው እሷ ናት። አርባን ተሻግራለች። ባል አግብታ ፈትታለች፤ ኪቦርዱን ግን አልፈታችም። «ከሱና ከኔ ምረጪ» ያላት ባሏ ነው፤ እሷም መረጠች፤ ምን ታድርግ!

ይህ ኪቦርድ እንደ ዛሬዎቹ ፋብሪካ የሞላበትን ብቻ አይደለም የሚያሰማው። የቀዱለትን ድምፅ ይቀበልና በጣት ሲነኩት ያንኑ መልሶ ይሰጣል። አለምወርቅ ይህን ያወቀች ዕለት እንቅልፍ አጣች። ሰባት ዓመት ሙሉ መቅረጫዋን አንግታ ዞረች። ጉና ተራራ ላይ ወጥታ፣ ብርዱ ጆሮዋን እየቆረጣት፣ ዋሽንት ቀዳች። የትውልድ ቀዬዋ ገሳይ ሄዳ የሴቶቹን ከበሮ፣ ጭብጨባና እልልታ ለቀመች። የአንዲት ማሲንቆ ድምፅ አልጥም ካላት አርባ ጊዜ ታስደግማለች። «ዛር ነው እንጂ ይሄስ ጤና አይደለም» ተባለች። ይባላ! የለቀመችው ሁሉ ከኪቦርዱ ጋር በገመድ በተያያዘ፣ ጡብ በሚያህል አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተቀመጠ። ቅጂ የለውም። ያን ዓይነት ዲስክ ሌላ ከየት ይምጣ?

ችግሩ፣ ኪቦርዱ ቀርፋፋ ነበር። ሲበራ ፕሮግራሙን ከፍሎፒ አንብቦ እስኪነሣ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዘፈን ዘፈን ድምፅ ሲቀይር ደግሞ የጨፋሪው ላብ ይደርቃል። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ አዲስ ፕሮግራም የተጫነበት ቺፕ ከአዲስ አበባ አስመጣች። ፍሎፒ አያሻውም፤ ድምፅም ቶሎ ይጭናል ተባለ። ከዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ተስፋነህ የሚባል የአርባ ምንጭ ልጅ፣ ጨዋ ሰው፣ አርብ ጠዋት ቤቷ መጥቶ ቺፑን ቀየረላት።

ኪቦርዱ ወዲያው ነቃ። እልል ልትል አፏን ስትከፍት በኪቦርዱ ትንሽ የጽሑፍ መስኮት ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም፤ ፎርማት ላድርገው? ነው የሚለው። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አሉ። ፎርማት ምን እንደሆነ አለምወርቅ አሳምራ ታውቃለች። ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው።

«አይ» አለች። ተስፋነህ ኪቦርዱና ዲስኩ አብረው የተሰኩበትን የመብራት ማከፋፈያ ጠቅ አድርጎ ሁሉንም አጠፋ፤ ጠቅ አድርጎ ሁሉንም አበራ። ያው ጥያቄ። ገመድ ቀየረ፤ አጠፋ፣ አበራ። ያው። የድሮውን ቺፕ እንዳይመልስ፣ ሲነቅለው የቺፑ አንድ እግር ተሰብሯል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

«አንተ ምን አደረግህ? የቸኮልኩት እኔ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እኔ መልቀሙም አልሆነልኝ!»

በዚህ መሐል የሙዚቃ ባንዳቸውን የሚመራው ዘፋኙ ባንተአምላክ ገባ። እሑድ ገሳይ ላይ ሠርግ አለባቸው። ጉዳዩን ሰማ፤ ጽሑፉን አየ፤ ሣቀ።

«ታዲያ አዎ በይውና ተገላገይ! ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ድምፅ እንጭንበታለን። አገሩ ሁሉ የሚጫወተው በሱ ነው።»

«አገሩ ሁሉ በሚጫወተውማ ማንም ይጫወታል። እኔ ምን ላደርግልህ ነው?»

«አለምዬ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብሽ እኮ! የማይነበብ ዲስክ ታቅፈሽ እሑድ ልታዋርጅኝ ነው?» አለና ጣቱን ወደ «አዎ» ሰደደ።

እጁን በአየር ላይ ቀለበችው። ወፍጮ ስትፈጭ ያደገች የገሳይ ሴት ስትይዝ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቀ።

«እምቢ አልኩ! የሰባት ዓመት ልፋቴን አንተ በአንድ ጣት አትጠርጋትም!»

«እሺ፤ እሑድ ጠዋት ካልሠራ ሌላ ተጫዋች ይዤ እሄዳለሁ።»

«ይዘህ ሂዳ!»

በሩን ወርውሮት ወጣ። ያኔ ቁጭ አለችና ፈራች። ዲስኩ ሞቶ ከሆነ እሷም ከማንም አትሻልም፤ የሰው ድምፅ ላይ የምትረግጥ ጣት ብቻ ናት። ዕንባዋ መጣ። ዕንባዋ ሲመጣ ደግሞ ይብስ ተናደደች።

«እስቲ አንዴ አብራው» አለችው ተስፋነህን። «ምንም አትንካ፤ ትንፋሽህንም ያዝ።»

ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ወደ ዲስኩ አስጠጋች። ሲነሣ የሚያፏጨውን ፉጨት ሰባት ዓመት ሰምታዋለች። ከታች ይጀምራል፤ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ደርሶ ይረጋል። አሁን ግን ፉጨቱ ገና እየወጣ ሳለ ጥያቄው መስኮቱ ላይ ድቅን አለ።

«ገና ነው!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ገና ነው! ማሲንቆው ሳይቃኝ አጨብጭቡ ይባላል እንዴ?»

ተስፋነህ አልገባውም።

«ስማኝ። ድሮ ኪቦርዱ ፍሎፒውን ሲያላምጥ ዲስኩ ተነሥቶ ይደርስ ነበር። አሁን ይሄኛው ዓይኑን ከመግለጡ ዲስኩን ይጠራል። ሽማግሌው ገና ከዘራውን እየፈለገ ነው! አንተ ደግሞ ማከፋፈያውን ባጠፋህ ቁጥር መልሰህ ታስተኛዋለህ።»

ተስፋነህ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ኪቦርዱን አጥፍቶ የዲስኩን የመብራት ገመድ ከማከፋፈያው ነቀለና ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ለብቻው ሰካው። ፉጨቱ ወጣ፤ ረጋ። «አሁን» አለች። ኪቦርዱን አበራው። የድምፆቹ ስም አንድ በአንድ ተደረደረ፤ ዋሽንቱ፣ ማሲንቆው፣ የገሳይ ከበሮ፣ አንድም አልጎደለ። አለምወርቅ እየሣቀች አለቀሰች።

እሑድ ጠዋት ባንተአምላክ ሲመጣ ሁሉንም አሰማችው። «ጥሩ ነው» አለ እንጂ አልተዋጠለትም፤ ለማንኛውም ብሎ የተዋሰውን አዲስ ኪቦርድ መኪናው ላይ ጫነ። እሷም አየችው፤ ዲስኩን በጋቢ ጠቅልላ እስከ ገሳይ እንደ አራስ ልጅ አቀፈችው።

ገሳይ ላይ የጉና ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጄነሬተሩ ተነሣ፤ አለምወርቅ ዲስኩን ብቻ አበራችና ጆሮዋን ጣለችበት። ፉጨቱ በብርዱ ይንፏቀቃል። በዚህ ላይ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ ሙሽራው ደረሰ።

«ጀምሪ!» አለ ባንተአምላክ።

«ገና ነው።»

«ሙሽራው ድንኳን በር ላይ ቆሟል እኮ!»

«ይቁም!»

«አበድሽ? ያንን ኪቦርድ አወርደዋለሁ!»

«ካወረድክ ራስህ ተጫወተው» አለችው፣ ቀና ሳትል። ሚዜዎቹ ተያዩ፤ ካህኑ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። እሷ ግን ጆሮዋን ከዲስኩ አላነሣችም። ፉጨቱ ረጋ። ኪቦርዱን አበራችና ከበሮውን ለቀቀችው።

መጀመሪያ የዞሩት የገሳይ ሴቶች ናቸው። «የኛ ከበሮ!» አለች አንዷ። ፈንታነሽ የምትባለዋ፣ ያኔ ስትመታ የተቀዳችው፣ ወጥ ማውጫዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። «ኧረ እጄን ሰማሁት! ይቺ የኔ እጅ ናት!» ብላ ሙሽራውን ገፍታ መሐል ገባች። ድንኳኑ ተቀወጠ። አዲሱ ኪቦርድ ከመኪና አልወረደም።

ማታ ዕቃ ሲጭኑ ባንተአምላክ ተለሳልሶ መጣ። «አለምዬ፣ እነዚያን ድምፆች ለኔም ስጪኝ። ለባንዱ ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢጫወትም ይሆናሉ።»

«አይሆኑም» አለች ገመዷን እየጠቀለለች። «ከመጪው ሠርግ ጀምሮ የራሴን ባንድ አቆማለሁ። ዘፋኝ ያስፈልገኛል። ድምፅህ አይከፋም፤ ከፈለግህ ማክሰኞ ጠዋት መጥተህ ተፈተን።»

ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሣቀ። ማክሰኞ መጣ፤ ሦስት ዘፈን አስዘፈነችው።