ማሽኑ የማያውቃቸው ድንጋዮች

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ተማሪዎችን ሰብስቦ «ኢትዮጵያ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት» የሚል ሥዕል እንድንሥል አዘዘን። የተመረጠው አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል። የእኔ ካልተሰቀለ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ምን ያልሣልኩት አለ! ከእንጦጦ ወደ ከተማ የሚበር አውቶቡስ፣ ከነትኬት ቆራጩ። የሚያናግሩትን ሰው ፊት የሚያሳይ ስልክም ሣልኩ፤ ገመዱ ግን ከባለቤቱ ኋላ እየተጎተተ ዳገቱን ይወጣል። ስልክ ያለ ገመድ በምን አእምሮዬ ላስበው! መሀል ላይ እናቴ የምትሸጥበትን የኅብረት ሱቅ አደረግሁ። ቀኑን ሙሉ ስትቆም እግሯ ስለሚያብጥ፣ በእሷ ቦታ ስድስት እጅ ያለው ስኳር መዛኝ ማሽን አቆምኩ። ከፊቱ ሰልፍ አለ፤ ወረፋ ይዘው ወደ ጉዳያቸው የሄዱ ሰዎች በምትካቸው የሚያስቀምጧቸው ድንጋዮች እንኳ አልቀሩም።

ሊቀመንበሩ ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«በሁለት ሺህም ሰልፍ አለ?»

«ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሰልፉን አጥፍተሽ አምጪ። አለበለዚያ አይሰቀልም!»

ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ሰዎቹን በላጲስ አጠፋሁ። ድንጋዮቹ ግን በእስክሪብቶ ስለተሠሩ እምቢ አሉ። እናቴ ከሥራ መጥታ ሥዕሉን አተኩራ አየችው።

«እኔስ የት ሄድኩ?»

«አረፍሽ።»

«ተባረኪ። ግን ይሄ ማሽንሽ የቱ ድንጋይ የማን እንደሆነ ያውቃል? ልጅ ያዘለችዋንስ ያስቀድማል?»

ከማሽኑ ጎን እሷን ሣልኳት፣ ወንበር ሰጥቼ።

በማግስቱ አብራኝ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጣቱን ወደ ድንጋዮቹ ሲቀስር እሷ ቀደም ብላ «የግንባታ ድንጋይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ገና ብዙ ይገነባል» አለችው። ደስ ብሎት በገዛ እጁ ሰቀለው። በበዓሉ ቀን ሰፈርተኛው ሳቁን እያፈነ የየራሱን ድንጋይ ሲፈልግ ዋለ።

አውቶቡሱ እስከ ዛሬ አልበረረም። ፊት የሚያሳየው ስልክ መጣ፣ ገመዱ ቀረ። በቀደም መገናኛ አንድ ቢሮ ገብቼ ከማሽን የወረፋ ቁጥር ወሰድኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጨቅላ ያዘለች ሴት መጣች፤ ማሽኑ ከሁላችንም የመጨረሻውን ቁጥር ሰጣት። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ቀና ያለ የለም። እናቴ ከሞተች ቆይቷል፤ እዚያ ወረፋ ላይ ግን ክፉኛ ናፈቀችኝ። ተነስቼ ቁጥሬን ለሴትየዋ ሰጠኋት፣ የእሷን ተቀበልኩና ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።