በቃል የተያዘው ሰሌዳ

የጥበቃ ልብሱን ሳያወልቅ ነው ከሥራ የመጣው። ሰማያዊው ጃኬት እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጁ የእጅጌውን ጫፍ ይዛለች። የዓይን ሐኪሙ በር ክፍት ስለነበር፣ ተራ ሲጠብቁ ውስጥ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ያሉትን ፊደላት በጆሮዋ እያንሾካሾከ አስጠናት። ልጄ ሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ ነው። እሱ ራሱ ሰው ፊት ማፈርን እንደ እሳት ይፈራል።

ስትገባ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር አንበለበለችው።

«ዓይኗ ደህና ነው» አለ ሐኪሙ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ዶክተር፣ በቃሏ ይዛው እኮ ነው። ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ከበር ጋር ትጋጫለች።»

«እንግዲያው ጎበዝ ተማሪ ናት። በዓመቱ አምጣት። ቀጣይ!»

ሁለት ወር የጠበቁት ቀጠሮ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ በሩ ላይ የተሰለፉት ወላጆች ሲያዩት ግን የልጁን እጅ ይዞ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ እጁን ለቃ ወደ መውጫው ሮጠች። እዚያ የሆስፒታሉ ጥበቃ ቆሟል፤ እሱም ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል። ክንዱ ላይ ተጠመጠመችና ቀና ብላ ሳቀችለት።

«አባዬ፣ አንድም አልሳትኩም አይደል?»