ከጉልላቱ ሥር የሰማሁት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ መሀል ሲያትል ወዳለው አሮጌ ኦፔራ ቤት ወሰደችኝ። ገና ከመግባታችን አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ «ማሚ፣ ሉክ አፕ! ሶ ፕሪቲ!» አለችኝ። እኔ ግን ቀድሜ ያየሁት ከወንበራችን በላይ ምን እንደተንጠለጠለ ነው።

እዚያ ቤት ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዲቪ ከመጣሁ ገና ስምንተኛ ወሬ። ሥራዬ ተመልካቹን ወንበሩ ድረስ ማድረስ ነበር። ያስገቡኝ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ተራ የጡብ ሕንፃ ነው። የእብነ በረዱን ደረጃ ወጥተው ሲገቡ ግን ቀይ ከፋይ የለበሱ ወንበሮች፣ ሦስት ደርብ ሰገነት፣ ወርቅ የተቀቡ የጀሶ አበቦች፣ ከሁሉም በላይ ያ ሰፊ ጉልላት። በዝናቡ ወራት ሁሉም ነገር እርጥብ ካፖርትና የእንጨት ሰም ይሸታል።

አንድ የኅዳር ከሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ ላይኛው ሰገነት ላይ ወንበር እጠርጋለሁ። ጋሽ ተፈራና አናጺው መስፍን ታች መድረኩ ላይ ያወራሉ። ጉልላቱ ድምፅ ሰብስቦ ስለሚያመጣ ንግግራቸው ጆሮዬ ሥር ያሉ ያህል ይሰማኛል።

«እኔ እሷን አላምናትም» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ከሩቅ ስታያት ታምራለች፤ ውስጧ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀን ታዋርደናለች። ሳትቀድመን ትነሳ።»

«ኦኬ፣ ለማናጀሩ ኮል ላድርግ?»

«ነግሬዋለሁ። እስከ ሰኞ ታገሡ ብሏል።»

የሚያወሩት ስለ እኔ መሰለኝ። ማታ ቡሪየን በሚባለው ሰፈር አብራኝ ለምትኖረው ለሰላም ነገርኳት። «ሶ፣ የጋሽ ተፈራ እህት ልጅ መጥታለች አላልሽኝም?» አለች። «ቦታሽን ለእሷ ፈልገውት ነዋ!»

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። የጾም ጊዜ ስለነበር ጋሽ ተፈራ በየቀኑ ሽሮ ቋጥረው እየመጡ ያካፍሉኝ ነበር፤ እየራበኝ «በልቻለሁ» ማለት ጀመርኩ። «አሞሻል እንዴ ልጄ?» ሲሉኝ «ልጄ» ያሏትን ቃል ሳይቀር ጠረጠርኳት።

እሑድ፣ ተመልካች ሊገባ ሲል፣ እየተቻኮሉ መጡ። «በስተቀኝ ያለችውን ትንሿን ሰገነት እንዳትከፍቺ። ማንም አይግባባት።»

«ለምን?»

«ኋላ እነግርሻለሁ» ብለው ወደ መድረኩ ሄዱ።

ዝርዝሬን አየሁ፤ የሁለት ሽማግሌዎች ስም እዚያች ሰገነት ላይ ተጽፏል። ባላስገባቸው ይከሱኛል፤ እኔም እባረራለሁ። ወጥመዱ ይኸው ነው ብዬ በሩን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹን በር ላይ አቁሜ ወንበር ለማዘጋጀት ገባሁ። ወዲያው ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ ተፈራ ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወረወሩኝ፤ አንድ ነገር ከጣሪያው ተገንጥሎ ትከሻቸው ላይ ወረደ።

ነጩ አቧራ ሲበርድ መሬት ተቀምጠው አየኋቸው። ከፋዩ ላይ የተበታተነችውን ትልቅ የጀሶ አበባ እያዩ፣ «ይህችን እኮ ነበር አላምናትም ያልኩት» አሉ።

ማናጀሩ ሮጦ መጥቶ ማን በሩን እንደከፈተው ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ ተፈራ ቀደሙኝ፤ «እኔ ነኝ። መቆለፉን ረስቼ ነው።»

እኔም ጥፋቱን እሳቸው ላይ ትቼ ሽማግሌዎቹን ወደ ሌላ ወንበር ወሰድኩ። ቀኝ እጃቸው ከዚያ ወዲያ ከትከሻ በላይ አልወጣም፤ መሰላል መውጣት ቀርቶባቸው በር ጠባቂ ሆኑ። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ነርስነት ልትማር ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ የእኔን ሥራ አስባውም አታውቅ።

በሩን ለምን እንደከፈትኩት ለጋሽ ተፈራ የነገርኳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄጄ፣ እያለቀስኩ። አልተቆጡም። «ታዲያ ያኔውኑ ወርደሽ ‹ስለ ማን ነው የምታወሩት?› ብትይኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ፣ ስለ እኔ የተወራ የሚመስል ነገር ስሰማ ልቤ ቶሎ ይቆለፋል። ከድሮዬ የተለየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየፈራሁም ቢሆን ሄጄ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ወሬው ስለ እኔ ሆኖ አይገኝም።